ኢሜይል፣ ቴሌግራም ወይስ ሪፖዚተሪ? የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪያን መረጃውን በምን ይጋራ

እንበልና ካምፓላ ካለች ላይብረሪያን መልእክት መጣ። አንድ የዶክትሬት ተማሪ ሙዝን ስለሚያጠወልግ ባክቴሪያ እያጠና ነው። በሽታው ዩጋንዳ ውስጥ ሙዝ ላይ የታየው በ2001 ነው። እኛ ግን ቀደም ብለን እናውቀዋለን፤ ያው የእንሰት አጠውልግ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ እንሰት ላይ መገኘቱ በ1968 ለሳይንሱ ዓለም ተጽፏል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ተማሪው የሚፈልገው ጽሑፍ ለንደን ላይኖር ይችላል። ምናልባት አንዱ የግብርና ኮሌጃችን መደርደሪያ ላይ፣ በታይፕራይተር ተጽፎ፣ በአንድ ቅጂ ብቻ፣ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ካምፓላ በምን ይድረስ? ድሮ መልሱ ፎቶ ኮፒና ፖስታ ነበር። አሁን ግን መንገዱ በዝቷል፤ ግራ የሚያጋባውም መብዛቱ ነው።

የትኛው መንገድ ይሻላል ለማለት መጀመሪያ ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት። አንደኛ፣ የምንጋራው ምንድን ነው? ተራ ጥያቄ ነው? ሙሉ ጽሑፍ ነው? የካታሎግ መዝገብ ነው? ወይስ ገንዘብ የተከፈለበት ዳታቤዝ? ሁለተኛ፣ ይህን ያቋቋመው ሰው ነገ ሥራ ቢቀይር ምን ይቀራል? ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የሚያስለቅሰን ግን ሁለተኛው ነው።

የቻት ግሩፕ፦ ለዛሬ ጥያቄ

በፍጥነት የሚያህለው የለም። ጥያቄው ይለጠፋል፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ መልስ ይመጣል። አብዛኛው ላይብረሪያን ከቢሮው ኮምፒውተር ይልቅ ኪሱ ውስጥ ያለውን ስልክ ነው የሚያምነው። ቢሮ መብራት ሲጠፋም ስልኩ ይሠራል።

የትኛው ይሻላል ካላችሁ፣ መልሱ በከፊል ሰዉ ያለበት ነው። ኬንያ፣ ናይጄሪያና ጋና ውስጥ ዋትሳፕ ነው። እኛ ጋ ቴሌግራም ነግሷል። ለላይብረሪ ሥራ እኔ ቴሌግራምን እመርጣለሁ። አዲስ የገባ አባል፣ አድሚኑ ከፈቀደ፣ የቆየውን ውይይት ወደ ላይ ሄዶ ማንበብና መፈለግ ይችላል። ስልክ ቁጥሩንም መደበቅ ይችላል፤ ይህ በተለይ ለሴት ባልደረቦቻችን ትንሽ ነገር አይደለም። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ያስተላልፋል። ዋትሳፕ ግሩፕ በ1,024 ሰው ይሞላል፤ ቴሌግራም እስከ 200,000 ይይዛል። የአንድ አገር ላይብረሪያኖች ለመሰብሰብ ግን ሁለቱም ይበቃሉ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። መፈለጊያ ቢኖርም ግሩፕ ማስታወሻ የለውም። መስከረም ላይ የተመለሰ ጥያቄ ጥር ላይ እንደ አዲስ ይጠየቃል፤ መልሱ በ«እንኳን አደረሳችሁ» ምስሎች ሥር ተቀብሯላ! በዚያ ላይ መድረኩ የኛ አይደለም። በ2023 ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌግራምና ሌሎች ማኅበራዊ ሚዲያዎች ለወራት ሲታገዱ፣ ቪፒኤን ያልጫነ ሰው ግሩፑን ማግኘት አልቻለም።

ለካምፓላዋ ባልደረባችን ግሩፑ አንድ ነገር ይሠራል፦ «ይህ ጽሑፍ እናንተ ጋ አለ?» ለሚለው «አዎ፣ አለ» የሚል ሰው ያገናኛታል። እሱም ቀላል አይደለም።

ኢሜይል ሊስት፦ ያረጀ የሚመስለው

ወጣቶቹ ኢሜይል ሊስት (አንድ መልእክት ለሁሉም አባል የሚደርስበት የኢሜይል ስብስብ) ሲባሉ ይስቃሉ። አይፈረድባቸውም። ግን አፍሪካ ውስጥ ላይብረሪያኖችን በኮምፒውተር ያገናኘው መጀመሪያ ኢሜይል ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኢንተርኔት በአብዛኛው አገር ሳይገባ፣ ፊዶኔት የሚባል ዘዴ ነበር። መልእክቱ ኮምፒውተር ላይ ይጠራቀማል፤ ከዚያ በተራ የስልክ መስመር ተደውሎ በአንድ ጊዜ ይላካል። አዲስ አበባም በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር በነበረው ፓዲስ በተባለ የመረጃ ሥርዓት በኩል እንዲህ ያለ ጣቢያ ነበራት። ኢትዮጵያ ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት ያገኘችው በ1997 ነው።

ያን ጊዜ የጠቀመው ባሕርይ ዛሬም ይጠቅማል። ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍም ያልፋል። አንዴ ከወረደ ያለ ኮኔክሽን ይነበባል። ከሁሉ በላይ ማኅደር አለው። «የመመረቂያ ጽሑፍ ስናስገባ የተማሪውን ፈቃድ በምን ቅጽ እንቀበል?» የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይነሳል። ሊስት ላይ አንዴ በደንብ ከተመለሰ ከአምስት ዓመት በኋላም ተፈልጎ ይገኛል።

ድክመቱም የታወቀ ነው። የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ሰርቨር ግማሹን ጊዜ ስለማይሠራ ሁሉም ሰው በግል ጂሜይሉ ይመዘገባል፤ ሥራ ሲቀይርም አድራሻው አብሮት ይሄዳል። ጂሜይል ደግሞ ከ25 ሜጋባይት በላይ አያያይዝም። ስካን የተደረገ የማስተርስ ጽሑፍ በቀላሉ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ሊስት ለሐሳብ እንጂ ለፋይል አይሆንም።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ምክር፦ አድሚኑ ሁለት ሰው ይሁን፣ ከሁለት ተቋም። እኔ የነበርኩበት አንድ ሊስት አስተዳዳሪው ውጭ አገር ለትምህርት ሲሄድ ከነማኅደሩ ጠፋ። ፓስወርዱን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

ሪፖዚተሪ፦ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው

እስካሁን ያየናቸው መንገዶች ሰውን ከሰው ያገናኛሉ። ሪፖዚተሪ፣ ማለትም ጽሑፎች በኢንተርኔት የሚቀመጡበት ዲጂታል ማኅደር፣ ግን ሰውን ከጽሑፉ ያገናኛል፤ ላይብረሪያኑ ተኝቶም ቢሆን። የካምፓላው ተማሪ ማታ በስድስት ሰዓት ጉግል ላይ ጽፎ ጽሑፉን ካገኘ፣ ማንም ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

በብዛት የሚሠራበት ሶፍትዌር ዲስፔስ ነው። ኤምአይቲና ኤችፒ ኩባንያ በ2002 ያወጡት ነው። ነፃ ነው። ፕሪቶሪያ፣ ስቴለንቦሽ፣ ናይሮቢ፣ ማኬሬሬና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፎቻቸውን በሪፖዚተሪ ያወጣሉ። ኢትዮጵያ በ2019 ለከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጽድቃለች። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ሪፖዚተሪ ውስጥ እንዲገባም ያዛል። ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ላይብረሪያን «እናስገባ ወይስ አናስገባ» ብሎ አይከራከርም። ክርክሩ «የት እና እንዴት» የሚለው ላይ ነው።

የት? ሦስት ምርጫ አለ። በራስ ግቢ ሰርቨር፣ በአገር የምርምርና ትምህርት ኔትወርክ፣ ወይም ውጭ አገር ባለ የኪራይ ሰርቨር።

የራስ ሰርቨር ኩራት አለው። «የኛ ነው» ይባላል። ግን መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚነሳው ለፕሬዚዳንቱ ቢሮ ነው ወይስ ለሰርቨር ክፍሉ? ይህን ሳታውቁ አትጀምሩ። አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙ ይቅር፣ የሦስት ዓመት ሥራውን በአንድ የተበላሸ ዲስክ ሲያጣ አይቻለሁ። ባክአፑ እዚያው ዲስክ ላይ ነበር። ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ሁለተኛ ዲስክ እንዲገዛላቸው ያስገቡት ደብዳቤ ግዥ ክፍል ቀርቶ ነው።

እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ኢተርኔት፣ ኬንያ ውስጥ ኬኔት፣ ዩጋንዳ ውስጥ ሬኑ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቴኔት አሉ። በምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ ኡቡንቱኔት አሊያንስ፣ በምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ዋክሬን እነዚህን እርስ በርስ ያያይዛሉ። ቀድሞ ከአንድ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው የሚሄድ ፋይል ብዙ ጊዜ በአውሮፓ ዞሮ ነበር የሚመጣው። ጎረቤት ቤት ለመሄድ ባሕር መሻገር ማለት ነው። የነዚህ ኔትወርኮች አንዱ ዓላማ ይህን ማስቀረት ነው። ኪራዩ ደግሞ ጥሩ አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል፤ ነገር ግን ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው። ያንን በየዓመቱ ማስፈቀድ ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

ከቦታው የሚበልጠው ግን ጥራቱ ነው። ሪፖዚተሪ ውስጥ የገባ ፋይል ሁሉ ተገኘ ማለት አይደለም። በስካነር ፎቶ የተነሳ ገጽ ለኮምፒውተሩ ሥዕል ነው፤ ውስጡ ያለው ቃል አይፈለግም። ሥዕሉን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ኦሲአር የሚባል ፕሮግራም ያስፈልጋል። ቴሰራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛም ያነባል። በታይፕራይተር የተጻፈ ደብዛዛ ገጽ ላይ ይሳሳታል፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። አብስትራክቱን ብቻ በእጅ ብታስተካክሉት ደግሞ ብዙ ትጠቅማላችሁ፤ ፈላጊው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ ተጨማሪ ጣጣ አለው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት የተጻፉ ጽሑፎች በየራሳቸው ፎንት የተሠሩ ናቸው። ፒዲኤፉ ላይ ያማረ አማርኛ ይታያል። ኮፒ ስታደርጉት ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ይወጣል። ጉግልም የሚያየው ያንን ነው። እንዲህ ያለ ፋይል ሲያጋጥማችሁ ርዕሱን፣ ደራሲውንና አብስትራክቱን በዩኒኮድ እንደገና ጻፉት። አሰልቺ ነው። ግን ካልተደረገ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ከነበረበት ጊዜ ያልተሻለ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በሚያዝያ 2021 ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የነበረው የጃገር ላይብረሪ ተቃጠለ። ከአፍሪካ ጥናት ስብስቡ ብዙው ጠፋ። ቀድሞ ዲጂታል የተደረገው ግን ቢያንስ በቅጂው ተረፈ። የኛ መደርደሪያ ላይ ያለው የእንሰት ጽሑፍ ሁለተኛ ቅጂ የለውም።

ካታሎግ፦ ፋይሉን ሳይሆን መኖሩን መጋራት

ሁሉን ነገር ስካን ማድረግ አይቻልም። ጊዜ የለም፤ የቅጂ መብትም አለ። ያኔ ቢያንስ «እኛ ጋ አለ» ማለት ይቻላል፤ የጋራ ካታሎግ ሥራው ይህ ነው።

እዚህ ብዙ ሰው ኮሃን ይመርጣል። ከኒውዚላንድ የመጣ ነፃ የላይብረሪ ሶፍትዌር ነው፤ ስሙም በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። ዜድ 39.50 በሚባል የኮምፒውተሮች መግባቢያ ደንብ ከሌላ ላይብረሪ የተዘጋጀ መዝገብ ይጎትታል። አንዱ የደከመበትን ሌላው በአንድ ደቂቃ ይወስዳል። ለእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይህ ተአምር ነው።

ለአማርኛ መጽሐፍ ግን ቀስ ማለት ያስፈልጋል። የአሜሪካው ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ከ1966 ጀምሮ ናይሮቢ ቢሮ አለው፤ የኢትዮጵያን ሕትመቶችም ይሰበስባል። ስለዚህ መዝገቡን እዚያ ማግኘት ይቻላል። ነገር ግን ርዕሱ በላቲን ፊደል፣ ከላይና ከታች ነጥብ እየተደረገበት ነው የሚጻፈው። ተማሪያችን እንደዚያ ብሎ አይፈልግም። የግዕዙን ርዕስ ራሳችን መጨመር አለብን። እሱም ቢሆን አላለቀም፦ አንዱ «ዓለም» ይላል፣ ሌላው «አለም»። አንዱ «ፀሐይ» ይጽፋል፣ ሌላው «ጸሀይ»። ኮምፒውተሩ እነዚህን እንደ ተለያዩ ቃላት ነው የሚያያቸው። የየላይብረሪው ሰዎች በአንድ አጻጻፍ ካልተስማማን የጋራ ካታሎጋችን የጋራ አይሆንም።

ስምም አለ። ከውጭ የተጎተተ መዝገብ አንዳንዴ «አበበ ከበደ»ን ገልብጦ በ«ከበደ» ሥር ያስቀምጠዋል። አባትየውን ደራሲ አደረገው ማለት ነው። የካታሎግ ደንቡ የኢትዮጵያን ስም በራስ ስም አስገቡ ይላል። ሰዉ ግን ይረሳል።

የሚከፈልበት ሲሆን

እዚህ ብዙ አልቆይም፤ ምርጫው ግልጽ ነው። ብቻውን ከአሳታሚ ጋር የሚደራደር ላይብረሪ ይሸነፋል። ለዚህ ነው ኮንሰርቲየም፣ ማለትም ላይብረሪዎች ተባብረው የሚደራደሩበት ኅብረት፣ ያለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሲርል፣ ኬንያ ውስጥ ክሊስክ፣ ጋና ውስጥ ካርሊግ አሉ። ኢአይኤፍኤል የተባለው ድርጅት እንዲህ ካሉ ኮንሰርቲየሞች ጋር ሆኖ ከአሳታሚዎች ጋር ይደራደራል። ሪሰርች ፎር ላይፍ ደግሞ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች ተቋማት ጆርናሎችን በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ይሰጣል። የጤናው ክፍል ሂናሪ በ2002 ነው የጀመረው፤ የግብርናው አጎራ በዓመቱ ተከተለ።

የአፍሪካ ጆርናሎችን ከፈለጋችሁ ግን መጀመሪያ ኤጆል ወደተባለው ድረ ገጽ ሂዱ። መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ከ500 በላይ የአህጉሩን ጆርናሎች ይዟል። የኛው ምሁር የጻፈውን በውጭ ዳታቤዝ ስናስስ እንውላለን፤ እሱ ግን እዚሁ ጎናችን አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሪሰርች ፎር ላይፍን ፓስወርድ ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። ለባልደረባ ማዘን መልካም ነው። ግን የተሰጠው ለተቋማችሁ ነው። ከሌላ ቦታ በገፍ ሲወርድበት ከታየ ሊዘጋ ይችላል፤ ያኔ የራሳችሁ ተማሪ ባዶ እጁን ይቀራል። መርዳት ከፈለጋችሁ የሰውየው ተቋም በራሱ ስም እንዲመዘገብ እርዱት።

መስመር ሲቋረጥ

በመጋቢት 2024 አይቮሪኮስት አካባቢ አራት የባሕር ኬብሎች አንድ ላይ ተጎዱ። የምዕራብ አፍሪካ ኢንተርኔት ተናጋ። በግንቦት ደግሞ ምሥራቁ ተራው ደረሰው፤ ኢሲና ሲኮም የተባሉት ኬብሎች ተቆረጡ። እንዲህ ሲሆን ውጭ አገር ያለ ሰርቨር እንደሌለ ይቆጠራል። በአገር ውስጥ ኔትወርክ የተቀመጠ ሪፖዚተሪ ግን ለአገር ውስጥ አንባቢ ሊከፈት ይችላል።

ኮኔክሽናቸው ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ለሆነ ግቢዎች ሌላ ዘዴ አለ። ኢግራነሪ በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሥራ ነው። ብዙ ድረ ገጾችን በፈቃድ ገልብጦ በአንድ ዲስክ ያመጣል። ኪዊክስ ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የሁለቱም ጉዳት አንድ ነው፦ ወደ እኛ ያመጣሉ እንጂ የኛን አይወስዱም። የእንሰቱ ጽሑፍ በዚህ መንገድ ካምፓላ አይደርስም። ስለዚህ ማሟያ አድርጓቸው እንጂ በመጋራት ቦታ አትተኳቸው።

እኔ ብሆን

አንድ ላይብረሪያንና አንድ ያረጀ ስካነር ብቻ ካላችሁ፣ ሪፖዚተሪ ለመትከል አትሩጡ። ብሔራዊው ወይም ትልቁ ጎረቤት ዩኒቨርሲቲ ያለውን ተጠቀሙ። የውጭ ሰዎች በተደጋጋሚ የጠየቋችሁን ሃያ ጽሑፎች ምረጡና እነሱን በደንብ አስገቡ። ሃያ የሚገኙ ጽሑፎች ከሁለት ሺህ የማይገኙ ይበልጣሉ።

አምስትና ስድስት ሰው ካላችሁ፣ የአይሲቲ ክፍሉም የሚተባበራችሁ ከሆነ፣ ዲስፔስን በአገር ኔትወርክ ላይ አስቀምጡ። ኮሃን ከጎኑ አድርጉ። ባክአፑን በየወሩ ሌላ ሕንፃ ውሰዱ፤ ሌላ ከተማ ቢሆን ደግሞ እሰየው።

የኮንሰርቲየም አስተባባሪ ከሆናችሁ፣ ቴሌግራም ግሩፑንም ኢሜይል ሊስቱንም ያዙ። ግን ሥራቸውን ለዩ። ግሩፑ ላይ ጥሩ መልስ የተሰጠበትን ነገር በሳምንት አንዴ ሰብስቦ ወደ ሊስቱ የሚልክ ሰው መድቡ። ተራ ቢገባበት ይመረጣል፤ አንድ ሰው ላይ ከወደቀ በሦስተኛው ወር ይቆማል።

የካምፓላዋ ባልደረባችን ጽሑፉን ዛሬ ካስቸኮላት የሚያስፈልጓትን ገጾች ስካን አድርጋችሁ ላኩላት፤ ለዚያ ቴሌግራም ይበቃል። ግን ገጾቹን ከስካነሩ ሳታነሱ ቀሪውንም ጨርሱት። ወረቀቱ ወጥቷል፣ አቧራው ተራግፏል፣ ማሽኑም ሞቋል።